የግማሽ ሰዓቱ ሕክምናና ረጅሙ መንገድ

ስሙኝማ፣ የመካነ ሰላም፣ የአጅባር፣ የማሻና የተንታ ሰዎች! ደሴ ተቀምጣችሁ ከቦረና ከሳይንት ዘመድ ታሞ የሚመጣባችሁም ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ አንድ ገበሬ ጉሮሮ ነው። ስማቸውን አልጠራም። ብዙ ሕመምተኞች ያለፉበትን ሰብስቤ በእኚህ በአንድ ሽማግሌ ላይ ስላስቀመጥኩት፣ ስም ቢኖራቸው የብዙ ሰው ስም በሆነ ነበር። እኔ "አያ" እላቸዋለሁ፤ እናንተም እንዲያው በሏቸው።

አያ ደገኛ ናቸው። አምባ ፈሪት ተራራ በሚታይበት በኩል ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ። ጥር ላይ ሰርግ ተጠርተው ሄዱ። ሥጋ ጎረሱ። የጎረሱት ደረታቸው መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ላይም አይል፣ ወደ ታችም አይል። ጠላ ቢጎነጩበት ጠላውም ከላዩ ላይ ተኛ። ቀስ ብለው ተነሥተው፣ ከድንኳኑ ጀርባ ሄደው፣ አጎንብሰው ቆዩና ወረደላቸው። ለማንም አልተናገሩም። ሰርግ ላይ "አነቀኝ" ማለት የማን ነውር እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ የደጋ ሽማግሌ እንዲህ ያለውን አይናገርም።

በየካቲት ዳቦ ያዛቸው። ቆሎ ተዉ፤ ገብስ አብቃይ ሆኖ ቆሎ መተው! ባለቤታቸው "ጥርስህን ነው?" ስትላቸው "አዎ፣ ጥርሴን ነው" አሉ። ሚያዝያ ላይ እንጀራውን በወጥ አርሰው፣ እያንዳንዱን ጉርሻ በውሃ እየገፉ ይበሉ ጀመር። ሰው ሁሉ የየራሱን አለ። አንዱ ብርድ ነው አለ፣ አንዱ ቃር ነው አለ፣ አንዷ ደግሞ "እንጥሉ ወርዶ ነው" ብላ እንጥል ቆራጭ ዘንድ ወሰደቻቸው። እንጥላቸው ተቆረጠ። ደም ፈሰሰ፣ አበጠ፣ ዳነ። እህሉ ግን አልወርድ እንዳለ ነው። ሰኔ ላይ ሙቅ ብቻ ቀረላቸው። ቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ ተበሳለት፤ ሐምሌ ላይ ሌላ ቀዳዳ።

እዚህ ላይ ትረካዬን ላቁምና አንድ ነገር ልንገራችሁ። የምግብ ቧንቧ ከጉሮሮ እስከ ጨጓራ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ጡንቻ ነው። ይለጠጣል። ስለሚለጠጥም ውስጡ ነቀርሳ ሲያድግበት ለብዙ ጊዜ ችሎ ያሳልፋል። ሥጋና ዳቦ መያዝ ሲጀምር ጥበቱ ብዙ ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ አያ ጥር ላይ፣ ያኔ ከድንኳኑ ጀርባ እንዳጎነበሱ፣ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ቀደም አላሉም ነበር፤ ልክ ሰዓቱ ነበር። ዕድሜው የገፋ ሰው መጀመሪያ ጠንካራ እህል፣ ቀጥሎ ለስላሳው፣ ኋላ ፈሳሹ እየያዘው ሲሄድ ይህ ብርድ አይደለም፣ እንጥልም አይደለም። ደረጃ በደረጃ የሚሄድ መያዝ ቧንቧው እየጠበበ ነው ማለት ነው። እባካችሁ ይህቺን ለየቤታችሁ ውሰዱልኝ።

ይህ በሽታ በእኛ በኩል እንግዳ አይደለም። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚወርደው የምሥራቅ አፍሪካ መስመር ላይ በብዛት ይታያል፤ በአገራችን ደግሞ የአርሲና የባሌ ሰዎች ስም በሕመምተኞች መዝገብ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ትምባሆና አረቄ ከምክንያቶቹ ውስጥ ናቸው። ሙቀትም አለበት። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሚፈጅ መጠጥ ለዚህ ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል አስታውቋል። ለእኛ ለደገኞች ይህ ከባድ ነገር ነው። ውርጭ በሚጥልበት አገር ቡናው ከጀበና ወርዶ ሳይተነፍስ ይጠጣል፣ ገንፎው ቅቤው እየፈላ ይዋጣል። ቡና አትጠጡ አላልኩም፤ የወሎ ሰው እንዲህ ብሎ ቢናገር ማን ይሰማዋል? ጥቂት ይብረድ ነው የምለው።

ወደ አያ እንመለስ። ልጃቸው ደሴ ነው የምትኖር። ለፍልሰታ መጥታ አባቷን ስታይ ደነገጠች፤ በማግስቱ ጤና ጣቢያ፣ በሦስተኛው ቀን መካነ ሰላም ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ሪፈር ተጻፈላቸው። የማህበረሰብ ጤና መድን ያለው ሰው ይህን ሰንሰለት መዝለል የለበትም፤ ከታች ጀምሮ ወረቀቱን እያስጻፈ ይሂድ። ከመካነ ሰላም ደሴ በአቀስታና በጉጉፍቱ አድርጎ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ 400። አያ መስኮት በኩል ተቀምጠው በጣሳ ምራቃቸውን እየተፉ ሄዱ። ምራቅ እንኳ አልወርድ ብሎ ነበርና።

በካሜራ ታዩ፣ ናሙና ተወሰደ፣ በሲቲ ስካንም ተነሡ። ውጤቱ ሲመጣ ልጅቱ ሐኪሙን ለብቻው ጠርታ "ለአባባ አይንገሯቸው" አለች። ይህን ብዙ ቤተሰብ ይላል፤ ከፍቅር የተነሣ ነው። አያ ግን ከወንበራቸው ሆነው "ዶክተር፣ እኔ ነኝ እኮ የታመምኩት። የምለየውን በግ፣ የማወርሰውን መሬት የማውቀው እኔ ነኝ። ንገረኝ" አሉ። ሐኪሙም ልጅቱን አየና ነገራቸው። ነቀርሳ ነው፣ ወደ ጎን ተስፋፍቷል፣ ቆርጦ ማውጣት አይቻልም፤ ነገር ግን እህል እንዲወርድ ማድረግ ይቻላል አላቸው። እኔ የሐኪሙ ወገን ነኝ። የሚመጣውን የማያውቅ ሰው እንዴት ይዘጋጃል? እንዴትስ የታዘዘውን ይጠነቀቃል?

ቀድሞ የመጣ ሰው ዕጣው ሌላ ነው። ነቀርሳው ገና በቧንቧው የላይኛው ገለፈት ላይ ሳለ ከተገኘ፣ ሐኪሙ በዚያው በካሜራው በኩል ከሥሩ ፈሳሽ ወግቶ ያነሣዋል፣ ከዚያም ገፍፎ ያወጣዋል። ደረት አይከፈትም። ቁስሉ በሳምንታት ውስጥ ይድናል፤ እስከዚያ የአሲድ መከላከያ ይወሰዳል፣ ለስላሳ ይበላል፣ በኋላም በየጊዜው እየተመለሱ መታየት ያስፈልጋል። ያ የሚያድን ሕክምና ነው። ነገር ግን በዚያ ደረጃ ላይ እህል አይይዝምና ማንም አይመጣም፤ ስለዚህ ከእኛ ሰው ያን የሚያገኘው ጥቂት ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

ለአያ የታሰበላቸው ስቴንት ነው። ኒኬልና ቲታኒየም ከተቀላቀሉበት ብረት የተሠራ ቀጭን ሽቦ እንደ እንቅብ ተሰፍቶ፣ ክፍት ቱቦ ሆኖ፣ ላዩ በስስ ፕላስቲክ ይሸፈናል። ተጨምቆ በቀጭን መላኪያ ውስጥ ይገባል፤ ከጠበበው ቦታ ላይ ሲለቀቅ የቀድሞ ቅርጹን ያስታውስና በሰውነት ሙቀት ይከፈታል። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ነው። ሥራው ራሱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

አያ ይህን ሲሰሙ "ቱቦ ልውጥ?" ብለው ፈሩ። ያልፈራ የለም። እዚህ ጋ የመቅደላን ነገር ላምጣ። በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ 6 ቀን አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ እኛ አምባ ላይ በገዛ ሽጉጣቸው አለፉ። በፈረንጆቹ 1868 መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ጀርመን አገር፣ ፍራይቡርግ ከተማ፣ አዶልፍ ኩስማውል የሚባል ሐኪም የሰውን ሆድ በሕይወት ሳለ በዓይኑ ማየት ፈለገ። ጎራዴ እየዋጠ ሕዝብ የሚያስደንቅ ትርኢተኛ አገኘና፣ 47 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ አስዋጠው። ቱቦው ገባ፤ ብርሃን ግን አልበቃም፣ ምንም ያህል አልታየም። ዘጠና ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ባሲል ሂርሾዊትዝ የተባለ ደቡብ አፍሪካ የተወለደ ሐኪም አሜሪካ ውስጥ ከመስታወት ክሮች የተሠራ፣ የሚታጠፍ መመልከቻ ይዞ መጣ። ሕመምተኛ ላይ ከመሞከሩ በፊት ማን ዋጠው ትላላችሁ? ራሱ! ዛሬ ለአያ የሚገባው ከጣት የቀጠነና የሚታጠፍ ነው፤ ጫፉ ላይ ካሜራ አለው። ጎራዴ የለም።

እንግዲህ ዝግጅቱ። ነርሷ አያንና ልጃቸውን አስቀምጣ አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ እኔም እንደ እሷ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ቀጠሮ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ጤነኛ ቧንቧ ያለው ሰው ለኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በካሜራ ለመታየት፣ ከምግብ ስድስት ወይም ስምንት ሰዓት ቢከለከል ይበቃዋል። ቧንቧው የጠበበበት ሰው ግን ትናንት የጠጣው አጥሚት ዛሬም ከጥበቱ በላይ ተኝቶ ሊገኝ ይችላል። ማደንዘዣ ሲወስድ ያ ሽቅብ ይመለስና ሳንባ ይገባል። ስለዚህ ለአያ የተሰጣቸው ትእዛዝ ጠበቅ ያለ ነበር። ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ሙሉ ቀጭን ፈሳሽ ብቻ፤ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም። "እኔ እኮ ጾም አውቃለሁ" አሉ አያ። አዎ፣ በእኛ አገር ጾም የማያውቅ የለም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ያውቃል። ችግሩ ሌላ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ጸበል መጠጣት ልማድ ነው፤ ዱዓ የተቀራበትን ውሃ መጎንጨትም እንዲሁ። የዚያን ጠዋት ይህም ይቆይ። ጸበሉ ከሕክምናው በኋላ ይደርሳል፤ ፊት ላይ መረጨት ግን ማን ይከለክላል።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ አስፕሪንም ቢሆን፣ ቀናት አስቀድሞ ይናገር። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ይናገር፤ ሳይበላ ስኳሩ ይወርዳልና። ውሃ ሲጠጣ ሳል የሚያንቀው ሰው ይህን ሳይደብቅ ይናገር፤ በምግብ ቧንቧውና በአየር ቧንቧው መካከል ቀዳዳ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ሽፋን ያለው ስቴንት ያንን ቀዳዳ ይዘጋልና ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የአገር ባህል መድኃኒት የጠጣም ይናገር፤ ማንም አይቆጣም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ይወልቃል። አስታማሚ የግድ ነው፤ ከማደንዘዣ የወጣ ሰው ብቻውን ወደ መናኸሪያ አይሄድም። በዚያ ሌሊት እዚያው ከተማ የሚያድሩበት ቤት ከወዲሁ ይፈለግ።

ቀኑ ደረሰ። ጉሮሯቸው ላይ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ተረጨ፤ መረረ፣ ከዚያ ጉሮሮው የሌለ ያህል ሆነ። በግራ ጎናቸው ተኙ። ጥርሳቸው መሃል ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ተደረገ። ነርሷ እጃቸውን ይዛ "አባባ፣ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ፣ ምራቁን አይዋጡት፣ ይፍሰስ፣ እኔ እጠርገዋለሁ" አለቻቸው። በክንዳቸው የሚያረጋጋ መርፌ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለውን አያ አያስታውሱም። ቀጭን ሽቦ በጥበቱ አለፈ፣ ስቴንቱ በሽቦው ላይ ተላከ፣ ተለቀቀ። ሲነቁ "መቼ ትጀምራላችሁ?" ብለው ጠየቁ።

ያን ዕለት ምሽት ደረታቸውን አመማቸው። ከባድ ሕመም ነው፣ ልጅቱን አስለቀሳት። ግን የሚጠበቅ ነው። ብረቱ እየተከፈተ ጥበቱን ሲገፋ ያማል፤ ለጥቂት ቀናት ይቆይና ይለቃል። ሽሮፕ ማስታገሻ ተሰጣቸው፤ ያ ካልበቃ የሚዋጥ ሞርፊን አለ። ስለ ሞርፊን ሰው ይፈራል፤ በሐኪም ልክ ለካንሰር ሕመም ሲሰጥ ግን የሚያስፈራ አይደለም፣ የሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ ብቻ የሚያለሰልስ አብሮ ይጠየቅ።

ለጥቂት ሰዓት ምንም አልቀመሱም። ቀጥሎ ነርሷ ለብ ያለ ውሃ በማንኪያ ሰጠቻቸው። ወረደ። ሌላ ማንኪያ። ወረደ። ያቺ ጣሳ ከአጠገባቸው እንዳለች ነበር፤ ምራቅ አልተፉባትም። በማግስቱ ወተት፣ ቀጭን አጥሚት፣ ውሃ የበዛበት በሶ። በሦስተኛው ቀን እርጎ፣ የላመ ድንች፣ በደንብ የተፈጨ ሽሮ።

አሁን የባለቤታቸውን ሥራ ልተርክ፤ እውነቱን ለመናገር ትረካዬ ሁሉ ለእሷ ነው። ሐኪሙ ቱቦውን ከፈተ፤ ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ወጥ ቤቱ ነው። ስቴንት ጡንቻ አይደለም። ጤነኛ ቧንቧ እህሉን እየጨመቀ ይገፋል፤ ብረቱ ዝም ብሎ ይቆማል። ምግቡ የሚወርደው በክብደቱ ነው፤ ስለዚህ ተኝቶ ወይም ጋደም ብሎ መብላት የለም፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነው። ትንሽ ትንሽ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ። ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ጅማት ያለው ቅቅል፣ ክር ያለው ጎመን፣ የብርቱካን ገለፈት ይቅር። እንጀራ እንዳለ አይዋጥም፤ ያብጥና ይደፍነዋል። በሽሮ ወይም በምስር ውስጥ ፈርፍሮ፣ አርሶ፣ በማንኪያ እስኪነሣ ድረስ አልሞ ነው። እንቁላል ለስላሳ ተደርጎ፣ ሙዝ ተፈጭቶ፣ አይብ በእርጎ ላልቶ፤ ለጋ ቅቤና ማር ጣል ይደረግበት፣ የጠፋው ሥጋ መመለስ አለበትና።

ከምግብ መሃልና በኋላ ደግሞ አምቦ ውሃ። ጋዝ ያለው ውሃ በስቴንቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ያጥባል። አያ መጀመሪያ "ይህ ለቁንጣን ነው" አሉ፤ ኋላ ሳይጠጡ ከገበታ የማይነሡ ሆኑ። ክኒን ትልቅ ከሆነ ይያዛል፤ በሽሮፕ ይለወጥ እንደሆነ ፋርማሲስቱን ጠይቁ፣ ሳትጠይቁ ግን አትፍጩ። ስቴንቱ የጨጓራን አፍ ካለፈ አሲድ ሽቅብ ይመጣል፤ ስለዚህ ራስጌው ከፍ ይበል፣ ከመኝታ ሁለት ሰዓት በፊት ማዕዱ ይነሣ፣ የታዘዘው የአሲድ መድኃኒት አይቋረጥ።

ጾሙስ? አያ ጠየቁ። የነፍስ አባታቸው "አንተ ለመዳን ትበላለህ፣ ስለ አንተ እኔ እጾማለሁ" አሏቸው። ጎረቤታቸው ሼኹም ይህን ሰምተው "በእኛም ሕመምተኛ ይፈታል" አሉ።

ትልቁ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር፤ ጉርሻ። ሰው ሊጠይቅ ይመጣል። ወሎ ነው፣ ባዶ እጁን አይመጣም፣ ባዶ አፍም አይተውም። እህታቸው ከሳይንት መጡ፤ ወንድማቸው ከሞት አፋፍ ተመልሶ ሲበላ አይተው እንባቸው መጣ፤ ድፍን ጉርሻ ጠቅልለው "በሞቴ!" አሉ። ባለቤታቸው ተነሥታ እጃቸውን ያዘች። "እቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ይህ ጉርሻ ይገድለዋል። በማንኪያ አጉርሺው" ብላ ማንኪያ ሰጠቻቸው። እህትየው ተቀየሙ፣ ፊታቸው ጠቆረ። ባለቤትየዋ አልተበገረችም። እኔ ያቺን ሴት አደንቃለሁ። ልማድን በፍቅር ፊት ለፊት መከልከል ከቱቦ መዋጥ ይበልጥ ድፍረት ይጠይቃል።

ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣቸውን ወረቀት ልጅቱ ፎቶ አንሥታ ለወንድሟ፣ ለቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ላከች። ብልህ ናት። ሕመሙ እየቀነሰ ሳይሆን እየበረታ ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አንገት አብጦ ሲነካ ከተንኮሻኮሸ፣ መተንፈስ ካቃተ፣ ደም ካስመለሰ፣ ሰገራው ጥቁር ከሆነ፣ ወይም ምራቅ እንኳ አልወርድ ካለ፣ "ነገ ይሻለው ይሆናል" አይባልም። በዚያው ቀን መነሣት ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ የመኪናው ገንዘብ ከወዲሁ ተለይቶ ይቀመጥ። እዚያው መካነ ሰላም ሆስፒታል ለሚያያቸው ሐኪምም ስቴንት እንዳለባቸው በመጀመሪያው ቃል ይነገረው።

አንድ ጊዜ ያዛቸው። መስከረም ላይ ለመስቀል ሥጋ አማራቸው። ባለቤታቸው ወጥ ቤት ሳለች ትንሽዬ ቁርጥ ዋጡ። ቆመ። ባለቤትየዋ አልጮኸችም፤ አስነሥታ አቆመቻቸው፣ አምቦ ውሃ ጥቂት ጥቂት አስጎነጨቻቸው፣ ወዲያ ወዲህ አራመደቻቸው። አልወረደም። ደረቅ እንጀራ ግፊበት ያለ ጎረቤት ነበር፤ እሺ አላለችም፣ ደግ አደረገች፣ ከላይ መጠቅጠቅ ያባብሰዋል። ልጅቱ ተደወለላት፣ በሌሊት መኪና ተነሡ። በካሜራው ገብተው ቁራጩን ወደ ጨጓራ ገፉት፤ ስቴንቱ በቦታው ነበር፣ በማግስቱ ተመለሱ። ይህ ይደርሳል። ነቀርሳው ከስቴንቱ በላይ ወይም በታች አድጎ እንደገና ሊያጠብ፣ ስቴንቱም ሊንሸራተት ይችላል፤ ለዚህም መፍትሔ አለ፣ ሌላ በውስጡ ይገባል። ጨረር የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ወደ ጨረር ይላካል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1997 ጨረር ሲጀምር ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ያለው ማዕከል እሱ ብቻ ነበር፤ አሁን ጅማን የመሰሉ ሌሎችም ተጨምረዋል።

ስቴንት ነቀርሳውን አያጠፋም። ሐኪሙ ይህን ለአያ ነግሯቸዋል፣ እኔም ለእናንተ አልደብቅም። የሰጣቸው ወራት ናቸው፤ ነገር ግን የሚበሉባቸው፣ ምራቃቸውን የሚውጡባቸው፣ ከሰው ጋር ማዕድ የሚቀርቡባቸው ወራት። በጥቅምት ገብሱን አይተዋል። በጎቹን ለልጆቻቸው አካፍለዋል፣ የመሬቱን ደብተር በልጃቸው ፊት አውጥተው አሳይተዋል። ቡና ሲፈላ ሲኒያቸውን ተቀብለው ከጎናቸው ያስቀምጡትና እስኪበርድ ያወራሉ፤ ሁለተኛው ዙር ሲመጣ የመጀመሪያውን ያነሣሉ። ከአጅባር የመጣ ሰው "እኔንም እኮ ዳቦ ይይዘኛል" ያላቸው ዕለት ሲኒያቸውን ትተው ተነሡ። "ከመቼ ጀምሮ?" አሉት። "ከሰኔ" አላቸው። ልጃቸውን ጠርተው ስልክ አስደወሉ፤ ሰውየው ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ቆሞ ነበር።